ጥርስ ላይ የታየ ጥቁር ነጥብ ሁሉ መበስበስ አይደለም

መንጋጋ ጥርሱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያየ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «በሰበሰ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀለም ብቻ ይሆናል፤ ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ የአይረን ሽሮፕ፣ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ጥርስ ያጠቁራሉ።

ለመለየት ጥርስዎን ቦርሸው ነጥቡን በሶፍት ያድርቁት (ምራቅ ካለበት ልዩነቱ አይታይም)፤ ከዚያ በመስታወትና በስልክ መብራት ይዩት። ቀለም ከሆነ ቀጭን ነው፣ የጥርሱን ስርጉድ መስመር ተከትሎ ይሄዳል፣ ዙሪያው ያብረቀርቃል፣ በግራም በቀኝም መንጋጋ ይመሳሰላል። መበስበስ ከሆነ ዙሪያው እንደ ጠመኔ ነጥቶ ይደበዝዛል፣ ወይም ከሥሩ ግራጫ ጥላ ይታያል። ምግብ እዚያው ቦታ እየተቀረቀረ ካስቸገረ፣ በጥርሶች መሐል የሚያስገቡት የማጽጃ ክር እዚያ ከተበጣጠሰ፣ ጣፋጭ ሲነካው ከጠዘጠዘ ቀዳዳ ሳይኖር አይቀርም።

ጥቁረቱ ራሱ ብዙ አይናገርም። እንዲያውም ጠቁሮ የጠነከረው አንዳንዴ መስፋፋቱን ያቆመ መበስበስ ነው፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ የለሰለሰው ግን ገና እየበላ ነው።

በመርፌ ወይም በስቴኪኒ አይቆርቁሩት! መበስበስ ቢጀምረውም ላዩ ያልተሰበረ ጥርስ በፍሎራይድ (ጥርስ በሚያጠነክር ማዕድን) መልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ሲቆረቆር ግን ይደረመስና ሙሌት ያስፈልገዋል። ሎሚና የከሰል ዱቄትም ኢናሜሉን (የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን) ይጎዱታል። ይልቅ 1450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1450 እጅ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ለ2 ደቂቃ ይቦርሹ፤ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ።

ቀዝቃዛ ነገር ነክቶት ሕመሙ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆየ ሐኪም ጋ ለመሄድ አይዘግዩ። በሁለት ጥርሶች መሐል ያለ ጥላ ደግሞ በዓይን ብቻ አይለይም፣ ራጅ ይፈልጋል።