የወላጅን ኑዛዜ ለመፈጸም ገንዘብ ስለ ማሰባሰብ

አባት ወይም እናት «የደብሬን ጣራ ቆርቆሮ አልብሱልኝ» ብለው ያረፉ እንደሆነ፣ ልጆች እርዳታ ከመጠየቃቸው በፊት ቃሉን ከሰሙት ከነፍስ አባታቸውና ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የተባለውን በጽሑፍ ያስፍሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቃል ኑዛዜ 2 ምስክሮችን ስለሚጠይቅና ይዘቱንም ስለሚገድብ፣ የውርስ ንብረት የሚነካ ከሆነ ወራሾች ሁሉ ተስማምተው ይፈርሙ።

ከዚያም አናጺ ጣራውን ለክቶ ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ ማገሩንና የመኪና ኪራዩን ይተምን። እኛ የእናታችንን ቃል ስንፈጽም ኪራዩን በመዘንጋታችን ቆርቆሮው ከዋናው መንገድ ዳር ወርዶ፣ የመንደሩ ጎረምሶች ሁለት ሁለት ሆነው በትከሻቸው ዳገቱን አወጡት፤ ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

መዋጮው ከልጆች ይጀምር። ብዙ የጎጃም ቤተሰብ ጓሮው ባሕር ዛፍ አያጣምና እሱን ሸጦ መነሻ ማድረግ ለዘመድም ፊት ይሰጣል። ዕድር ለቀብር የተቋቋመ ስለሆነ ከደንቡ ውጭ ማስጨነቅ አይገባም። አዲስ አበባና ውጭ አገር ላሉት በ3 ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈትላቸው። ገበሬውን ግን በክረምት አትጠይቁት፤ እጁ የሚፈታው አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው።

በእኔ እምነት የተዝካሩ ድግስ፣ ነፍስ አባት ከፈቀዱ፣ ቀለል ብሎ ትርፉ ለኑዛዜው ቢውል ይሻላል። አንድ ቁና ጤፍ ያመጡ ባልቴት ስማቸው ሺህ ብር ከሰጠው እኩል በመዝገቡ ይጻፍ፤ በሙት ዓመቱም መዝገቡ ከነደረሰኙ በጉባኤው ፊት ይነበብ።