ተርሚናልን ከትእዛዝ መስመር ወደ ቦታው ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ተቀምጦ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚሠራ ሰው፣ መብራት ወይም ኔትወርክ በድንገት ሲቋረጥ የተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ነገር ዓለሙ ተዘበራርቆ ማግኘቱ እንግዳ አይሆንበትም። የሚተይበው ፊደል አይታይም፤ ወይም መስመሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እያዘመሙ ይወርዳሉ። ችግሩ የሚፈታው በአጭር ትእዛዝ ቢሆንም፣ የተበላሸው የትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለዩ መጀመር ቀላሉን ነገር ያወሳስበዋል። በአንድ በኩል ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የሚይዘው የመስመር ቅንብር አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስክሪኑን የሚስለው ፕሮግራም የሚይዘው የፊደል ስብስብ፣ የቀለምና የጠቋሚ ሁኔታ አለ። ኤስቲቲዋይ (stty) የተባለው ትእዛዝ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ ሪሴት (reset) ግን ሁለቱንም ይነካል።

በጣም የተለመደው ስህተት በሪሴት ፋንታ ክሊርን (clear) መጠቀም ነው። የጣና ሐይቅን የውኃ ከፍታ መዝገብ የያዘ የታመቀ ፋይል በካት (cat) ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ የላከ ሰው፣ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ባይቶች እንደ መቆጣጠሪያ ኮድ ይነበቡበታል። ለምሳሌ ቁጥር 14 የሆነው ባይት አንዳንድ ተርሚናሎችን ወደ ሁለተኛው የፊደል ስብስብ ያሻግራቸዋል። ያ ስብስብ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው ቪቲ100 በተባለው ተርሚናል እንደሚቻለው፣ ለሳጥንና ለመስመር መሳያ ምልክቶች የተመደበ ከሆነ የላቲን ትንንሽ ፊደላት ወደ ቁርጥራጭ መስመርና ወደ ሌሎች ምልክቶች ይለወጣሉ። ክሊር ሰሌዳውን ይጠርጋል እንጂ ጠመኔውን አይቀይርም፤ ቀጥሎ የሚጻፈውም ያው የተበላሸው ነው። የፊደል ስብስቡን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ሪሴት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በትንሽ በትልቁ ሪሴት ማለትም አይመከርም። ትእዛዙ ስክሪኑን ስለሚያጸዳ፣ ለችግሩ መነሻ የሆነው የስህተት መልእክት ሳይነበብ አብሮ ይጠፋል። የሚተየበው አለመታየቱ ብቻ ከሆነ «ኤስቲቲዋይ ሴን» (stty sane) ይበቃል።

ሌላው ስህተት ትእዛዙን በትክክል ተይቦ፣ ኢንተርን ተጭኖ፣ ምንም ባለመከሰቱ ተስፋ መቁረጥ ነው። የኢንተር ቁልፍ የሚልከው ቁጥር 13 የሆነውን ባይት ሲሆን፣ ይህን ወደ መስመር መጨረሻ፣ ማለትም ወደ ቁጥር 10፣ የሚለውጠው ከርነሉ ነው። አንድ ፕሮግራም ይህን ልወጣ አጥፍቶ በድንገት ከሞተ፣ ከርነሉ መስመሩ እንዳለቀ ስለማያውቅ የተተየበውን ለሼሉ (ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚፈጽመው ፕሮግራም) አያደርሰውም። መፍትሔው ኮንትሮልና ጄን አብሮ መጫን፣ ባይታይም ሪሴት ብሎ መተየብ፣ ከዚያም ኮንትሮልና ጄን መድገም ነው።

ያልተበላሸውን ተርሚናል ለመጠገን መሞከርም አለ። ኮንትሮልና ኤስ ሳይታሰብ አብረው ከተነኩ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ኮንትሮልና ኪው ይለቀዋል። ግንኙነቱ ተቋርጦ የኤስኤስኤች መስኮት ደርቆ ከቀረ ደግሞ ኢንተር፣ ከዚያ የቲልዴ ምልክት (~)፣ ከዚያ ነጥብ መጫን ግንኙነቱን ዘግቶ ወደ ራስዎ ሼል ይመልስዎታል። መስኮቱን መዝጋት የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል፤ በውስጡ ሲሠራ የነበረውን ፕሮግራም አብሮ ሊያስቆመው ይችላልና።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ከ«ኤስቲቲዋይ ሴን» በኋላ የሚከተለው ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሊኑክስም ባክስፔስ ሲጫኑ ሦስቱን አንድ ላይ መሰረዝ እንዳለበት የሚያውቀው አይ-ዩቲኤፍ-8 (iutf8) በተባለ ቅንብር አማካይነት ነው። «ሴን» ይህን ቅንብር ሊያጠፋው ይችላል፤ ሲያጠፋውም ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ባሽ (የተለመደው ሼል) በራሱ መስመር ላይ የሚተየበውን የሚያርመው በራሱ መንገድ ነውና። ነገር ግን አንድ ስክሪፕት ስም እንዲያስገቡ ሲጠይቅዎት «ጣና» ብለው ጽፈው «ና»ን ቢሰርዙ፣ ፊደሉ ከስክሪኑ ቢጠፋም ሁለት ባይቶቹ ቀርተው ወደ ፋይሉ ይገባሉ። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ከብዙ ጊዜ በኋላ በመረጃ ቋት ውስጥ ሲገኝ መነሻውን ማወቅ አድካሚ ነው። ስለዚህ «ኤስቲቲዋይ ሰረዝ ኤ» (stty -a) ብለው ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ ከቅንብሩ ስም በፊት የመቀነስ ምልክት ካዩ «ኤስቲቲዋይ አይ-ዩቲኤፍ-8» (stty iutf8) ብለው መልሰው ያብሩት።

የተርሚናሉን ዓይነት ስም የሚይዘውን ተርም (TERM) የተባለውን ተለዋዋጭ በባሽ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ በቋሚነት መጻፍም ጉዳት አለው። «ቲፑት ኢኒት» (tput init) የተባለው ትእዛዝም ሆነ ሪሴት የትኞቹን ኮዶች መላክ እንዳለባቸው የሚያውቁት ይህን ስም የተርሚናሎችን ኮዶች በሚዘረዝረው የተርምኢንፎ መዝገብ ውስጥ ፈልገው ነው፤ ስሙ ሐሰት ከሆነ የሚላከውም ኮድ የሌላ ተርሚናል ነው። ተርሚናሉ ራሱ የሰጠውን ስም መተው ይሻላል፤ ሰርቨሩ ስሙን አላውቀውም ካለ ደግሞ ለዚያ ግንኙነት ብቻ ኤክስተርም-256ከለር (xterm-256color) ብሎ መስጠት አብዛኛውን ጊዜ ያሠራል።

በዚያው የማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ሪሴትን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማስገባትም እንዲሁ ነው። ፋይሉ ሰው በሌለበትም ሊነበብ ይችላል፤ በኤስሲፒ (በኤስኤስኤች በኩል ፋይል በሚያስተላልፍ ትእዛዝ) ፋይል ሲላክ ከመካከል የሚገቡት ኮዶች ዝውውሩን ሊያበላሹት ይችላሉ። የግድ ካስፈለገ ሼሉ ከሰው ጋር የሚነጋገር መሆኑን የሚያጣራ መስመር ከላዩ ይቅደም።