የቤዝቦል ሞዴላችሁ ለምን ይስታል? ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ዳታ ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ለልምምድ ቤዝቦልን ሲመርጡ የሚገረም አለ። እዚህ አገር ጨዋታውን በዓይኑ ያየ ስንት ሰው ይገኛል? ምርጫው ግን አሪፍ ነው። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ሜዳዎች ስታትካስት የሚባል ሲስተም የእያንዳንዱን ምት ፍጥነትና አንግል ይለካል። ዳታው በነፃ ይወርዳል። የመቺዎችን ውጤት የሚተነብየው ሞዴላችሁ መሳት ሲጀምር ደግሞ አብሽሩ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ምልክት፦ በሚያዝያ የነገሠው መቺ በነሐሴ ተንኮታኮተ፤ ሞዴሉ ግን ኮከብ ይሆናል ብሎ ነበር።

የሊጉ ውድድር የሚጀመረው በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ ነው። በአንድ ወር ውጤት ስለ መቺው መፍረድ በበልግ ዝናብ ብቻ የዓመቱን እህል እንደመገመት ነው። የወሎ ገበሬ ይህን አያደርግም፤ ሞዴላችሁም ማድረግ የለበትም።

መጀመሪያ ባቲንግ አቨሬጅን (መቺውን በሰላም ቤዝ ላይ ያደረሱ ምቶች ለሙከራዎቹ ሲካፈሉ) ተጠራጠሩ። እኔ ብትጥሉት አይቆጨኝም። ሆም ራንን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) እና አንድ ቤዝ ብቻ የሚያደርስ አጭር ምትን እኩል ይቆጥራል፤ ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ወርውሮ በነፃ ያሳለፈውን መቺ ደግሞ ጭራሽ አያየውም። በምትኩ ለእያንዳንዱ ውጤት እንደ ጥቅሙ ክብደት የሚሰጠውን ዎባን (wOBA) ተጠቀሙ። ለነፃ ማለፍ 0.7፣ ለአጭር ምት 0.9፣ ለሆም ራን 2 ገደማ ይሰጣል። ቁጥሮቹ በየዓመቱ ትንሽ ይዋዥቃሉ።

ቀጥሎ ባቢፕን (BABIP) እዩ። ሆም ራንን ሳይጨምር፣ ሜዳ ውስጥ ከገቡት ኳሶች ስንቱ ምት ሆኖ እንደተቆጠረ የሚናገር ነው። የሊጉ አማካይ ለረጅም ጊዜ 0.300 አካባቢ ቆይቷል። ሰውየው በአንድ ወር 0.400 ላይ ካለ ኳሱ ክፍተት እያገኘለት ነው ማለት ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ይዘጋል። ፈጣን ሯጮች ግን ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ብለው መቆየት ይችላሉ። ስለዚህ መቺውን ከራሱ ያለፉ ዓመታት ጋር አወዳድሩት።

ዕድል ይሁን ችሎታ ለመለየት የምቱን ጥራት ግቡበት። በሰዓት 95 ማይል (153 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና ከዚያ በላይ የወጣ ኳስ ጠንካራ ምት ይባላል። 98 ማይል ሆኖ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ከተነሳ «ባረል»፣ ማለትም ምርጥ የሚባለው ምት፣ ይሆናል። ኤክስ ዎባ (xwOBA፣ የሚጠበቀው ዎባ) ኳሱ የት ወደቀ ሳይሆን እንዴት ተመታ ብሎ ነው የሚያሰላው። ዎባው ከፍ ብሎ ኤክስ ዎባው ዝቅ ካለ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ወደ አማካይ ሳቡት። እንበል አንድ መቺ ለመምታት 100 ጊዜ ቀርቦ ዎባው 0.420 ነው፤ የሊጉ ደግሞ 0.320። የሊጉን አማካይ የያዘ 200 ጊዜ ጨምሩበት፦ (100 × 0.420 + 200 × 0.320) ÷ 300። መልሱ 0.353 ነው። 200ን እንደ መነሻ ያዙትና በራሳችሁ ዳታ ፈትኑት።

ምልክት፦ ከዴንቨር የተዛወረ መቺ ሁሉ ከተገመተው በታች ይመታል።

የዴንቨሩ ቡድን የኮሎራዶ ሮኪስ ሜዳ ኩርስ ፊልድ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ እንኳ ከዚያ ይበልጣል፤ ደሴማ አይነሳ! አየሩ ስለሚሳሳ ኳሱ ርቆ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሜዳው ሰፊ ነው፣ አጭር ምትም ይበዛል። መፍትሄው የሜዳ ማስተካከያ ነው። ሜዳው ውጤትን በ12 በመቶ ያሳድጋል ካላችሁ ግን መቺው ከጨዋታዎቹ ግማሹን በሌሎች ሜዳዎች ስለሚጫወት በ6 በመቶ ብቻ ቀንሱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሙሉውን ይቀንሳል።

ምልክት፦ የሬግሬሽኑ ቁጥሮች አበዱ፤ ብዙ ሆም ራን መምታት ጉዳት ሆኖ ታየ።

ዎባ፣ ኦፒኤስ፣ ስለጊንግ የሚባሉትን የመቺ መለኪያዎች ሁሉንም አንድ ላይ ከታችኋቸው። ሁሉም የሚናገሩት ያንኑ ነው። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ሌሎቹን አውጡ፤ አልሆን ካለ የሬግሬሽኑን ቁጥሮች ወደ ዜሮ የሚስበውን ሪጅ ሞክሩ።

ምልክት፦ ውጤቱ ከመጠን በላይ አማረ።

ደስ አይበላችሁ። ወይ የምትተነብዩትን ዓመት ኤክስ ዎባ ራሱን ግብዓት አድርጋችሁታል፣ ወይ ዓመታቱን ቀላቅላችሁ በዘፈቀደ ከፍላችኋል። በዓመት ክፈሉ፤ እስከ 2022 ተማሩ፣ በ2023 ፈትኑ። የመቺውንም ቁጥር ለዚያ ዓመት የሊግ አማካይ አካፍሉ። ዓመታት አንድ አይደሉም፦ በ2019 በሊጉ 6,776 ሆም ራን ተመቶ ሪከርድ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት እያንዳንዱ ቡድን በ162 ፋንታ 60 ጨዋታ ብቻ ነበረው።

ምልክት፦ ማውረዱ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል።

ዳታውን የሚያወርደውን ፓይቤዝቦል የተባለ የፓይተን ላይብረሪ ስትጠቀሙ ካሹን (የወረደውን የሚያስቀምጠውን) አብሩት፣ በየወሩ ከፋፍላችሁ አውርዱ። የወረደው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል።

ምልክት፦ ስህተቱን ለካችሁ፣ ግን ጥሩ ይሁን መጥፎ አልታወቃችሁም።

የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ባለሙያው ቶም ታንጎ የሠራውን ማርሴል የተባለ ቀላል መተንበያ ከጎኑ አቁሙ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት በ5፣ 4፣ 3 ይመዝናል፣ ወደ አማካይ ይስባል፣ ለዕድሜ ትንሽ ያስተካክላል፤ በቃ። ስታትካስቱን ሁሉ የጫናችሁበት ሞዴል ይህን ካላሸነፈ ዓምዶቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ስህተቱ በየትኛው እንደሚቀንስ እዩ።