የጓሮ ዶሮ ዘር እንዳይደክም አውራውን እንዴት እናዙር?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጓሮው ዶሮ የሚያረባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አውራ የሚመርጠው ሳያስበው ነው። በዓል ሲደርስ ትልቁና ያማረው አውራ ይታረዳል፣ ወይም ሰኞ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ትንሹ ወንድሙ ነው። እሱም ከእህቶቹና ከእናቱ ጋር ይራባል። ሁለት ሦስት ትውልድ ሲያልፍ "ዶሮዎቼን ምን ነካብኝ?" ማለት ይመጣል።

ጣጣው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። እንቁላሉ አልፈለፈል ይላል። ፅንሱ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። የወጣው ጫጩት ደካማ ይሆናል፣ ቄቦቹም እንቁላል ይቀንሳሉ። እያንዳንዱ ዶሮ ተደብቆ የሚኖር ጎጂ ዘረመል አለው። ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነቱ ሲገናኝ ጉዳቱ ይወጣል። ወንድምና እህት ወይም አባትና ልጅ ሲዳቀሉ፣ አንዱን ዘረመል በሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድል 25 በመቶ ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ 12.5፣ የአጎት ልጆች ከሆኑ 6.25 በመቶ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን። ለዶሮ ሰባት አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ቤት መቁጠር ግን የግድ ነው።

መጀመሪያ፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ እወቁ

ዶሮዎቹን በሦስት ቤተሰብ ክፈሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በሏቸው። በየጫጩቱ እግር ላይ የእናቱን ቤተሰብ ቀለም ክር እሰሩ። ክሩ ላላ ይበል፤ በየሳምንቱም እዩት። ጫጩት ቶሎ ያድጋል፣ የጠበቀ ክር ሥጋውን ቆርጦ ይገባል። ዶሮዎች አንድ ጎጆ ውስጥ ስለሚጥሉም፣ ሳታስታቅፉ በፊት እንቁላሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የማን እንደሆነ ያላወቃችሁትን አታስታቅፉ፣ ብሉት።

የአውራ ቁጥር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10 ሴት ዶሮና 1 አውራ ያለው ሰው 11 ዶሮ አለኝ ይላል። የጫጩቶቹ ሁሉ አባት አንድ ስለሆነ ግን በዘር ስሌት ያለው እንደ 3.6 ዶሮ ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የአውራውን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዙ፣ ያንን በ4 አባዙ፣ ለጠቅላላው ቁጥር አካፍሉ። ሴቶቹን 20 ብታደርጓቸው እንኳ 3.8 ላይ ነው የምትቀሩት። አንድ አውራ ብቻ ብትጨምሩ ግን 10ሩን ሴቶች ይዛችሁ ወደ 6.7 ይወጣል። ገንዘባችሁን ሴት ዶሮ ከመጨመር አውራ ላይ አውሉት። ሁለተኛው አውራ የመጀመሪያው ወንድም መሆን የለበትም።

ዙሩ

ቄቦች በተወለዱበት ቤተሰብ ይቆዩ። ወንዶቹ ይዛወሩ፦ የቀይ ልጅ ወደ አረንጓዴ፣ የአረንጓዴ ወደ ነጭ፣ የነጭ ወደ ቀይ። አቅጣጫው አይቀየር፣ በየዓመቱ በዚያው ይቀጥል። ወንድም ከእህቱ ጋር የሚገናኝበት ዕድል በዚህ ይዘጋል። አሮጌው አውራ ግን ሴት ልጆቹ ለእንቁላል ከመድረሳቸው በፊት መውጣት አለበት።

ሦስት ቆጥ ለመሥራት ቦታ ከሌላችሁ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተስማሙ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀለም ይያዝ። ዶሮዎቹ መንደር ለመንደር እየተቀላቀሉ የሚውሉ ከሆነ ግን ቢያንስ ለማስታቀፍ እንቁላል በሚሰበሰብበት ሰሞን ማጎር ያስፈልጋል።

አውራ ስትቀይሩ አትቸኩሉ። ሴት ዶሮ የአውራን ዘር ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሰውነቷ ውስጥ ታቆያለች። አሮጌው ከወጣ በኋላ 3 ሳምንት ጠብቁ፤ በመሃል የተጣለው ለምግብ ይሁን።

አዲስ ደም ከየት?

ዙሩ ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘላለም አያዛልቅም። በየጥቂት ዓመቱ ከሩቅ አውራ አምጡ። ሩቅ ማለት ሌላ ሰፈር አይደለም፤ የደሴ ሰው ከሐይቅ ወይም ከኩታበር፣ የኮምቦልቻ ሰው ከሐርቡ በኩል ይፈልግ። ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉት የውጭ ዶሮዎች ዲቃላ ስለሆኑ ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን መስለው አይወጡም። የአካባቢያችሁን ዶሮ ባሕርይ፣ በተለይ ማቀፏን ማቆየት ከፈለጋችሁ የሀገር አውራ ይሻላችኋል።

የመጣውን ዶሮ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ ስለ ዘር ማሰብ ይቀራል። የፈንግል ክትባትም የመንደሩን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ አስከትቡ።

የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይታረድ

ምንቃሩ የተጣመመ፣ እግሩ የወለገደ፣ በጫጩትነቱ ሲታመም የኖረ አይራባ፤ ለወጥ ግን ይሆናል። ለዘር የሚቀረውን አውራ በዓሉ ከመድረሱ ወር ቀደም ብላችሁ ምረጡና ለቤተሰቡ አስታውቁ። ነጋዴ ዋጋ ሲጨምር ሐሳብ ይለወጣል፣ እንግዳ ሲመጣም እንደዚሁ።

የማቀፍ ውጤቱን በደብተር ጻፉ። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ ባትሪ እዩት። የደም ሥር ተዘርግቶ ከታየ ፅንስ አለ። ምንም ከሌለው አውራው ደክሟል፣ ወይም እንቁላሉ ሳይታቀፍ ብዙ ቆይቷል፤ ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት። የደም ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ ጀምሮ ሞቷል። ይህ አንድ ጊዜ ቢያጋጥም የደሴ ብርድ ወይም የመኖ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ቀለም ብቻ፣ በተከታታይ፣ ከሌሎቹ በልጦ ሲመጣ ግን ለዚያ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዙር ከውጭ የመጣ አውራ ስጡት።