ቤቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን ምረጡ

ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በምሰሶ ላይ የቆመ የሣር ክዳን ቤት፣ ከበረንዳው ወደ ባሕሩ የሚወርድ መሰላል፣ ከሥሩ ዓይን የሚያጥበረብር ፈዛዛ ሰማያዊ ውሃ። ሰው ይህን አይቶ ይመኛል፣ ይቆጥባል፣ ይከፍላል። ከዚያ ማስኩን አጥልቆ በመሰላሉ ሲወርድ የሚጠብቀው አሸዋ ነው። አሸዋ፣ አሁንም አሸዋ፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ መንገድ የጠፋባት አንዲት ዓሣ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ውሃው እንዲያ ፈዝዞ የሚያምረው ጥልቀት ስለሌለውና ሥሩ ነጭ አሸዋ ስለሆነ ነው። ኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ያለበት ውሃ ከላይ ሲታይ ጠቆር ይላል፣ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ለማስታወቂያ ፎቶ ብዙም አይመችም። ዓሣው ግን ያለው እዚያ ነው። ለፎቶ የሚያምረው ቤትና ለስኖርክሊንግ (በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ተንሳፍፎ የባሕሩን ሥር ለማየት) የሚሆነው ቤት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ስኖርክሊንግ ግድ የማይሰጣችሁ ከሆነ፣ ጫጉላ ላይ ያላችሁና በረንዳ ላይ ተኝቶ ባሕር ማየት የሚበቃችሁ ከሆነ፣ በጣም ጥሩ፤ ወደ ሒሳቡ ዝለሉ። ሁለቱንም የምትፈልጉ ግን መጀመሪያ ሪፉን (ኮራሉ የሠራውን የባሕር ውስጥ አለት)፣ ቀጥሎ ደሴቱን፣ መጨረሻ ላይ ቤቱን ምረጡ።

የሚገርመው ነገር፣ የውሃ ላይ ቤት ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ ፓሲፊክ ባለችው ፍሬንች ፖሊኔዥያ፣ ራያቴያ በምትባል ደሴት ሆቴል የነበራቸው ሦስት አሜሪካውያን አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ሆቴሉ ያለበት ዳርቻ ደህና አሸዋ አልነበረውም። እንግዳውን ወደ ውሃው ማቅረብ ስላለባቸው ቤቶቹን ራሳቸውን ውሃው ላይ ሠሯቸው። ዛሬ ብዙ ቦታ ተገላብጧል። ቤቱ የሚሠራው ምሰሶ ለመትከል በሚቀልበት አሸዋማ ላጉን (ሪፍ የከለለው ጸጥ ያለ ውሃ) ላይ ነው፣ ኮራሉ ደግሞ በጀልባ የሚኬድበት ሌላ ቦታ ነው።

ሪፉን ከቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት ታያላችሁ

የጉግል ካርታን ክፈቱ፣ የደሴቱን ስም ጻፉ፣ ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩት። ፈዛዛው አሸዋ ነው። ጠቆር ያለው ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ ኮራል ነው፤ የባሕር ሣርም ከላይ እንደዚያው ይጠቁራልና በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ዋናው የምትፈልጉት ፈዛዛው ቀለም በድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥበትን መስመር ነው። ሪፉ እዚያ ጋ እንደ ግድግዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኤሊውም፣ የዓሣ መንጋውም፣ ትንንሾቹ ሻርኮችም የሚዞሩት በዚያ ጠርዝ ነው። ካርታው ላይ ርቀት መለኪያ አለ። ከዳርቻው እስከ መስመሩ፣ ከምትፈልጉት ቤት እስከ መስመሩ ለኩ። ሃምሳ ሜትር ከሆነ በፈለጋችሁ ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበሉም ቢሆን፣ ገብታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። አራትና አምስት መቶ ሜትር ከሆነ ስኖርክሊንጋችሁ በጀልባ፣ በሰዓት ገደብና በክፍያ ነው ማለት ነው።

ደሴቱ ራሱ የያዘው፣ ከዳርቻው ተዋኝቶ የሚደረስበት ሪፍ በሪዞርቶች ቋንቋ «ሃውስ ሪፍ» ይባላል። ይህን ቃል ያዙት። ድረ ገጻቸው ላይ ስለ ስፓውና ስለ ወይን ጠጁ አሥር ገጽ ጽፈው ስለ ሃውስ ሪፍ አንድ መስመር ካልጻፉ፣ ዝምታቸው መልስ ነው።

ቀጥሎ የኮራሉ ጤንነት። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራል ቀለሙን ይጥላል፣ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። የሕንድ ውቅያኖሷ ማልዲቭስ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 በዚህ ክፉኛ ተመትታለች። በሚያዝያ 2024 ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑ በይፋ ተነገረ። ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ከአምስት ዓመት በፊት «ኮራሉ ተአምር ነው» ብሎ የጻፈ እንግዳ አልዋሸም፣ ግን ምስክርነቱ አርጅቷል። አስተያየቶችን ከአዲሱ ጀምራችሁ አንብቡ፣ እንግዶች ራሳቸው ከውሃ ሥር ያነሷቸውን ፎቶዎች ፈልጉ። ግራጫ ፍርስራሽ ላይ ሁለት ዓሣ ከታያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። አንዳንድ ደሴቶች ደግሞ ከባሕር ወለል በተመጠጠ አሸዋ የተሠሩ ናቸው፤ ቤቶቹ አዲስና ውብ ይሆናሉ፣ በዙሪያቸው ያረጀ ኮራል ግን አትጠብቁ።

የትኛው አገር

ሁለቱንም ባንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ ማልዲቭስ ነው። ወደ 1,200 የሚጠጉ ትንንሽ ደሴቶች አሏት፣ አብዛኞቹ ሪዞርቶች አንድ ደሴት ለብቻቸው ይይዛሉ፣ ብዙዎቹን ደሴቶች ሪፍ በቅርብ ከቧቸዋል። ምርጫው ሰፊ ስለሆነ በካርታ ተለክቶ የሚገኝ ነገር አለ።

የፍሬንች ፖሊኔዥያዋ ቦራ ቦራ ለዓይን ወደር የላትም፤ ከላጉኑ መሃል 727 ሜትር የሚወጣው የኦቴማኑ ተራራ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ቁርስ መብላት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ታዋቂዎቹ ሪዞርቶች በአብዛኛው ያሉት አሸዋማ ውሃ ላይ ነው፣ ለኮራሉና ሬይ ለሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች በጀልባ መውጣት ይኖርባችኋል። ፊጂ ተቃራኒው ናት። ኮራሏ በተለይ ለስላሳው ዓይነት ዝነኛ ነው፣ የውሃ ላይ ቤት ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ የመጀመሪያው ሪዞርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ጃማይካና አካባቢዋ ዘግይተው ነው የገቡበት፤ ለመዝናናት ይሆናሉ፣ ለዓሣ ብዬ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ አለ። በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ራጃ አምፓት። በዓለም ከሚታወቁት ጠንካራ የኮራል ዓይነቶች ሦስት አራተኛው ገደማ እዚያ ይገኛል፣ የመንደሩ ሰዎች የሚያከራዩዋቸው ውሃ ላይ የቆሙ የእንጨት ጎጆዎችም አሉ። ፍራሽ፣ የትንኝ አጎበርና የጋራ መታጠቢያ። ቅንጦት የለም፣ መብራትም ሌሊቱን ሙሉ ላይኖር ይችላል። ከጎጆው ሥር ያለው ሪፍ ግን ሺህ ዶላር የተከፈለበትን ቤት የሚያስንቅ ሊሆን ይችላል።

ወቅትና አቅጣጫ

በማልዲቭስ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ገደማ ደረቅና የተረጋጋ ነው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይሰቀላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነፋስና ዝናብ አለ። ዝናቡን ፈርታችሁ ወዲያው አትሰርዙት፤ በዚያው ወቅት ነው ባ አቶል በሚባለው የደሴቶች ቀለበት፣ ሃኒፋሩ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ማንታ የሚባሉት ግዙፍ ሬዮች ለመብላት የሚሰበሰቡት። እዚያ በአየር ጋን መጥለቅ ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ስኖርክሊንግ ብቻ ነው። ማንታ ለማየት ለሚሄድ ሰው ዝናባማው ወቅት ዋናው ወቅት ነው። ፍሬንች ፖሊኔዥያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደረቁ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። በካሪቢያን ከሰኔ እስከ ኅዳር የሃሪኬን ጊዜ ነው። (ወሮቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

አሁን ደግሞ ሰው የሚሞኝበት ነገር። ሪዞርቶች ፀሐይ መጥለቂያ ፊት ለፊት ያሉትን ቤቶች በውድ ይሸጣሉ። ስሙ ያምራል። ግን ምዕራብ የሚመለከት ቤት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ፀሐይ በረንዳው ላይ ይቀበላል፣ በማልዲቭስ የዝናብ ወቅት ደግሞ ነፋሱና ማዕበሉ የሚመጣው ከዚያው ከምዕራብ ነው። ሌሊቱን ከወለሉ ሥር ዷ ዷ ሲል ታድራላችሁ፣ ጠዋት በመሰላሉ መውረድም ያስፈራል። በዚያ ወቅት ርካሹ የምሥራቅ ቤት ይሻላል። ፀሐይዋን ለማየት ደሴቱን ማቋረጥ አሥር ደቂቃ ነው፣ አልጠፋችም።

ሒሳቡ

ያያችሁት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ አገልግሎትና ታክስ ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ማልዲቭስን እንውሰድ። የአገልግሎት 10 በመቶ አለ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ የቱሪዝም ታክስ አለ፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ በሪዞርት ለሚያድር በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 12 ዶላር አረንጓዴ ታክስ አለ። በሌሊት 600 ዶላር የተባለ ቤት ለሁለት ሰው ለአምስት ሌሊት 3,000 ይመስላል። አገልግሎቱ ሲገባ 3,300፣ ታክሱ ሲደመር 3,861፣ አረንጓዴው ሲታከል 3,981። ወደ ሺህ ዶላር ጨመረ፣ ገና ምሳ አልበላችሁም።

ምሳው ቀልድ አይደለም። ደሴቱ ላይ ሌላ ምግብ ቤት የለም፣ ወጥታችሁ የምትገዙበት ሱቅ የለም። ቁርስና እራት ብቻ የሚያካትተው ክፍያ ብዙ ጊዜ መጠጥን አይጨምርም፤ ውሃም እንኳ በጠርሙስ የሚያስከፍሉ አሉ። «ኦል ኢንክሉሲቭ» ሲሏችሁ ደግሞ ሁሉም ማለት ምን ምን እንደሆነ በዝርዝር ጠይቁ፤ የስኖርክሊንግ ዕቃና የጀልባ ጉዞ ከውስጡ መኖሩን በተለይ።

መጓጓዣውም አለ። ሪዞርቱ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ከሆነ በፈጣን ጀልባ ትሄዳላችሁ፣ ሩቅ ከሆነ በባሕር አውሮፕላን፣ ለዚህም በነፍስ ወከፍ ብዙ መቶ ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። የባሕር አውሮፕላን የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በረራችሁ አመሻሽ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ዋና ከተማው አካባቢ ማደር ግድ ነው፣ በደሴቱ የከፈላችሁበት ሌሊትም ባዶውን ያድራል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ።

ከሁሉ በላይ ኪስ የሚያድነው መላ ግን ቆይታን ለሁለት መከፋፈል ነው። ሁለት ሌሊት ውሃ ላይ፣ ቀሪውን አሸዋው ላይ ባለ ቤት። የዳርቻው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ ጥላ አለው፣ ወደ ሪፉ መግቢያም አንዳንዴ የሚቀርበው እሱ ነው። ብዙ ሪዞርቶች ይህን ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ።

ቤቱ ራሱ

አሁን ወደ ቤቱ መምጣት ይቻላል። ልጆች ካሏችሁ መጀመሪያ ዕድሜ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ትንንሽ ልጆችን ውሃ ላይ አያሳድሩም፣ ቢያሳድሩም አጥር የሌለው በረንዳ ላይ ሕፃን መጠበቅ እረፍት አይደለም። ውሃው ሲሸሽ በመሰላሉ ሥር ስንት ሜትር እንደሚቀር ጠይቁ፤ እስከ ጉልበት ብቻ የሚቀርበት አለ። የእንጨት ድልድዩ ርዝመትም ይታይ። መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ገለልተኛ ነው፣ ለሪፉም ይቀርብ ይሆናል፣ ግን በጠራራ ፀሐይ ለእያንዳንዱ ቡና ያን ሁሉ መንገድ መመላለስ አለ። የመስታወት ወለል ላለው ቤት ተጨማሪ አትክፈሉ። ከሥሩ አሸዋ ካለ የምታዩት አሸዋ ነው።

ዋና ለማትችሉ ወይም ለጀማሪዎች እስካሁን ያልኩት ይገለበጣል። ለእናንተ አሸዋማው ጥልቀት የሌለው ላጉን ይሻላል። ተንሳፋፊ ጃኬት ልበሱ፣ እግራችሁ መሬት በሚነካበት ቦታ ተለማመዱ፣ ሪፉን ከአስጎብኚ ጋር እዩት።

ለሌላውም ቢሆን የሪፉ ጠርዝ ላይ የውሃ ፍሰት አለ፣ አቅጣጫውም ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ይለዋወጣል። በየጠዋቱ የዳይቪንግ ማዕከሉን «ዛሬ ወዴት ይፈስሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉልበት ሳይደክም በፊት ፍሰቱን ተቃውማችሁ ጀምሩ፣ ስትመለሱ እሱ ይመልሳችኋል። ብቻችሁን አትግቡ። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ እሱም ይሞታል፣ እናንተም ትቆረጣላችሁ። ሻርክ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ በላጉን ውስጥ የሚታዩት ባለ ጥቁር ጫፎቹ ግን ከእናንተ የሚሸሹ ናቸው። ይልቅ ታይታን ትሪገርፊሽ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ጎጆው ላይ ሲሆን ተጠንቀቁት፣ ይናከሳል። የሚጠብቀው ቦታ ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሸሸው። ማስክ ደግሞ የራሳችሁ ይሁን። ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫ ሳቡ፤ ሳትይዙት ተጣብቆ ከቆየ ልክ ነው። እጅጌ ያለው የዋና ልብስም ያዙ፣ ጀርባ የሚቃጠለው ሳይታወቅ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ለሪዞርቱ አንድ ኢሜይል ጻፉ። ሪፉ ከየትኛው ቁጥር ቤት ስንት ሜትር ይርቃል? የሚገባው ከዳርቻው ነው ከድልድዩ? ነፃ ጀልባ በሳምንት ስንቴ ይወጣል? የቦታ ማስያዣ ክፍሉ «ሪፋችን እጅግ ውብ ነው» ብቻ ብሎ ከመለሰ፣ ያንኑ ጥያቄ ለዳይቪንግ ማዕከሉ ላኩ። እነሱ በየቀኑ ውሃው ውስጥ ናቸው፣ ቤት መሸጥም ሥራቸው አይደለም። ጥሩውን ቁጥር ከነገሯችሁ በኋላ ያንን ቤት ወይም ያንን ወገን እንደሚሰጧችሁ ማረጋገጫው ላይ አስጽፉ፤ «እንደ ደረሳችሁ እናያለን» የሚለው መልስ የተረፈውን ቤት ነው የሚሰጣችሁ።