የነርቭ ሴል የእረፍት ቮልቴጅ ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

በእረፍት ላይ ያለ የነርቭ ሴል ውስጠኛው ክፍል ከውጩ ጋር ሲነጻጸር አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ 70 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ልኬቱ ኔጌቲቭ 50 ወይም 40 ሆኖ ሲገኝ ብዙ ተማሪዎች ቀድመው የሚጠረጥሩት የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፑን (ሶዲየምን ከሴሉ እያስወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባውን ፕሮቲን) ነው፤ በእኔ እምነት ግን ፓምፑ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ልኬቱ በሁሉም ሴሎች ላይ እኩል ከተዛባ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን (ቮልቴጁን ለመለካት ሴሉ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን መሣሪያ) ከሴሉ አውጥተው በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይመልከቱት። ዜሮ ማሳየት ሲገባው 8 ሚሊቮልት ካሳየ ጥፋቱ የመሣሪያው ስለሆነ፣ የኤሌክትሮዱን የብር ሽቦ እንደገና በክሎራይድ ለብጠው ዜሮውን ያስተካክሉ።

ዜሮው ትክክል ሆኖ ሴሎቹ ሁሉ የተረጋጋ ነገር ግን የተዳከመ ቮልቴጅ ካሳዩ ፈሳሹን ይመርምሩ። በእረፍት ጊዜ ክፍት የሚሆኑት በብዛት የፖታሲየም መተላለፊያዎች ናቸው፤ ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው ፖታሲየም በብዛት ካለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ ውስጡን ኔጌቲቭ አድርጎ ይተወዋል፣ ይኸው ኔጌቲቭነትም መልሶ ይስበዋል። በአጥቢ እንስሳት ሴል ውስጥ 140፣ ውጭ 4 ሚሊሞል በሊትር ቢኖር ሁለቱ ግፊቶች በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚመጣጠኑት በኔጌቲቭ 95 ሚሊቮልት ላይ ነው፤ ሴሉ እዚያ የማይደርሰው ጥቂት ሶዲየም ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ነው። የውጩ ፖታሲየም በስህተት 8 ከሆነ ሚዛኑ ወደ ኔጌቲቭ 76 ይመጣል፣ ሴሉም በከፊል ይከተለዋል። ለዚህ ስህተት በአንድ ሊትር 0.3 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ መግባት ሲገባው 0.6 መግባቱ ይበቃል፤ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ሲያዘጋጁ ሁለቱም ሊጨምሩት ይችላሉ። መፍትሄው ፈሳሹን ደፍቶ እንደ አዲስ መመዘን ነው።

ኤሌክትሮዱ ሲገባ ጥሩ የነበረው ቮልቴጅ ወዲያው ወደ ዜሮ መጠጋት ከጀመረ የሴሉ ሽፋን ተቀዶ ሶዲየም በቀዳዳው እየገባ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልተመለሰ ሴሉን ትተው በቀጠነ ጫፍ ሌላ ይሞክሩ።

ፓምፑ ተራው የሚደርሰው ቮልቴጁ ቀስ እያለ፣ በረጅም ጊዜ ሲሟሽሽ ነው። ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም ስለሚያስገባ በቀጥታ የሚያበረክተው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ዋባይን በተባለ መርዝ ቢታገድ እንኳ ወዲያው የሚታየው ለውጥ አነስተኛ ነው፣ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው የአዮኖቹ ክምችት ልዩነት እያለቀ ሲሄድ ነው። ኦክስጅኑን፣ ግሉኮሱንና የፈሳሹን ሙቀት ያረጋግጡ።