ስፖርት የሚሠራን ልጅ የቁመት እድገት እንዴት መከታተል እንደሚቻል

ድሬዳዋ ውስጥ በየሜዳው ዳር ሁለት ነገር ይባላል፦ «ቅርጫት ኳስ ይጫወት፣ ይረዝማል» እና «ብረት አታንሣ፣ ትቀጭጫለህ»። ሁለቱም ስሕተት ነው። ቅርጫት ኳስ ረጃጅሞቹን፣ ጂምናስቲክ ደግሞ አጫጭሮቹን ይመርጣል እንጂ ቁመትን በአብዛኛው የሚወስነው ከወላጅ የሚወረሰው ነው። የስፖርተኛ ልጅ እድገት የሚጎተተው ልፋቱን የሚመጥን ምግብና እንቅልፍ ሲያጣ ነው።

1. መለካት። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲቆይ ስለሚለጠጥ የግንበኛ ብረት ሜትር ይሻላል። ልጁ ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ጀርባውን ግድግዳ አስነክቶ ፊት ለፊት እያየ ይቁም። ስኳድራ ወይም ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናቱ ላይ አሳርፉና ግድግዳው ላይ በእርሳስ አመልክቱ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ቁጥር ጻፉ። ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን፤ የጀርባ አጥንት ዲስኮች ቀኑን ሙሉ ስለሚጨመቁ ሰው ወደ ማታ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያጥር ይችላል። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ የለካ ወላጅ «ልጄ አላደገም» ብሎ በከንቱ ይጨነቃል።

2. ፍጥነቱን ማስላት። በየ3 ወሩ ለክታችሁ ልዩነቱን በ4 አባዙት። ሴቶች 12 ዓመት፣ ወንዶች 14 ዓመት አካባቢ በፍጥነት ያድጋሉ፤ ያኔ በዓመት 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ነው። አንዳንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል። አሠልጣኞች ትንሽ ነው ብለው በ14 ዓመቱ ባያሰናብቱት ምንኛ መልካም ነበር።

3. በፍጥነት ሲያድግ ልምምዱን ማቅለል። አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው ልም አጥንት ነው፤ ይህ ክፍል በዚህ ወቅት ደካማ ነው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ካመመው ዝላይና የፍጥነት ሩጫን በግማሽ ቀንሱ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙለት። ካነከሰ ወይም ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰው ሐኪም ይየው። የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

4. ክብደት ማንሣት። በፑሽ አፕና በስኳት (ቁጢጥ ብሎ በመነሣት) ይጀምር። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሳይዛነፍ የሚያነሣውን ክብደት፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀን እየዘለለ፣ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ያንሣ። «ስንት ኪሎ ትችላለህ?» እየተባባሉ መወዳደር ክልክል ይሁን። ልም አጥንቱን ሊሰብር የሚችለው መውደቅና የወደቀ ብረት ነው፤ በደንብ ካልታከመ በእርግጥም ያንን አጥንት ሊያሳጥር ይችላል።

5. ምግብና እንቅልፍ። ዋናው ይህ ነው። የድሬ ሙቀት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ስለዚህ ልምምዱ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ይሁን፤ እንደጨረሰ ፉል በዳቦ ከእንቁላል ጋር ይብላ። በዚህ ዕድሜ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። የግመል ወተትም ይሆናል፤ ግን ይፈላ። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝና ሰሊጥ ይብዛ፤ በረመዳን ከባዱ ልምምድ ካፈጠረ በኋላ ይሁን። በየሌሊቱ በጠቅላላው ከ8 ያላነሰ፣ እስከ 10 ሰዓት የሚደርስ እንቅልፍ ይተኛ። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይነሣል፤ በርጫ ላይ የሚያመሽ ጎረምሳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል፤ እባካችሁ አታስቀምጡት።

6. ሐኪም ቤት መቼ? ገና በጉርምስና መጀመሪያ ያለ ልጅ በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ወይም የልጅቷ የወር አበባ 3 ወር ከቆመ ወይም እስከ 15 ዓመቷ ካልመጣ፣ የመዘገባችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የግራ እጅ ራጅ ሊያዝ ይችላል፤ ልም አጥንቱ ክፍት፣ ማለትም ገና ወደ ደረቅ አጥንት ያልተለወጠ መሆኑንና ለማደግ የቀረውን ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው።